መኪናውን ከሞተሩ ላይ ማንሳት፦ ሞተር ከስር ማውረድ በቆላ ጋራዥ

ሞተር ከላይ፣ በኮፋኖ በኩል ሲወጣ ትግሉ ከሞተሩ ጋር ነው። ከስር ሲወርድ ግን ትግሉ ከመኪናው ጋር ነው። ሞተሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ አየር ላይ የሚቀረው፣ ከሠራተኛው ራስ በላይ የሚንጠለጠለው መኪናው ነው። ስለዚህ «ሞተሩን ማን ይቀበለዋል?» ከማለታችሁ በፊት «መኪናውን ምን ይዞታል? የያዘውንስ ነገር የያዘው መሬት ምን ዓይነት ነው?» በሉ። እንደ ሳንጃ ወይም መተማ ዮሐንስ ባለ ቆላ ላይ የዚህ ጥያቄ መልስ አዲስ አበባ ሲሚንቶ ወለል ላይ ካለው መልስ በጣም ይለያል።

«እናንተ» እያልኩ የምጽፈው ለማክበር ብቻ አይደለም። ሥራው ቢያንስ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከስር ሲገባ ሌላው ውጭ ቆሞ ክሪኩን ይጠብቃል፤ ስልኩን አይነካካም፣ ደንበኛ አያወራም። ረዳት ያልመጣ እንደሆነ ሥራው ለነገ ይደር።

በቆላው መንገድ ከሚመላለሱት ተሽከርካሪዎች ሞተራቸው በዋናነት ከስር የሚወርደው ሁለቱ ናቸው፤ ባጃጅና ቶዮታ ሚኒባስ። አይሱዙ ካቢኑ ወደፊት ስለሚደፋ ሞተሩ በላይ በኩል ይነሳል። ላንድክሩዘርና ፒክአፕ ኮፋኖ አላቸው። የሚኒባሱ ሞተር ግን፣ ዶልፊንም በሉት አባዱላ፣ ከጋቢናው ወንበሮች ስር ነው የተቀመጠው። ከላዩ ጣሪያ አለ፣ ከፊቱ ዳሽቦርድና መስታወት አለ፤ መውጫው ወደ ታች ነው። ባጃጅም ሞተሩን ከኋላ፣ ከተሳፋሪው ወንበር በስተጀርባና በታች ይሸከማል።

ከስር ማውረድ የድሃ ጋራዥ ብልሃት የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። አብዛኞቹ የዛሬ የቤት መኪኖች ፋብሪካ ውስጥ ሲገጣጠሙ ካሮሴሪያው ከላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል፣ ሞተሩ ከነካምቢዮው ከስር ተነስቶ ይገባለታል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ደግሞ ቮልስዋገኗን ያስታውሳል። በአየር የሚቀዘቅዘው የኋላ ሞተሯ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ነው፤ ሽቦውን፣ የነዳጁን ጎማና የጋዙን ፊሎ ነቅሎ፣ አራቱን ፈትቶ፣ ሞተሩን አሥር ሴንቲ ያህል ወደኋላ ስቦ ከፍሪሲዮኑ ዘንግ ማላቀቅ፣ ከዚያ በባለ ጎማ ክሪክ ማውረድ ነው። የመጨረሻዋ ቮልስዋገን ሜክሲኮ ውስጥ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ስትሠራ ከ21 ሚሊዮን በላይ እህቶች ነበሯት፤ የእነዚያ ሁሉ ሞተር ከስር ነው የወረደው። ከቮልስዋገን ሥራውን የተማረ መካኒክ ባጃጅ አያስቸግረውም።

መሬቱ

ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ እጅ እስከ ክንድ የሚያስገባ አፍ ይከፍታል። በክረምት ሊጥ ይሆናል። ሁለቱም ለክሪክ ጠላት ናቸው፤ የሚከፋው ግን ሦስተኛው ነው። ከዝናብ በኋላ ሁለት ቀን ፀሐይ የመታው ዋልካ ላዩ ደርቆ ጠንካራ ይመስላል፣ ስሩ ግን ገና ጭቃ ነው።

አንድ ክረምት፣ ስሙን የማልጠራው ጋራዥ ውስጥ፣ ሚኒባስ በሁለት የጠርሙስ ክሪክ አንስተን ከክሪኮቹ ስር ጣውላ አድርገን ለምሳ ወጣን። ስንመለስ ክሪኮቹ እንዳሉ ቆመዋል። አንደኛው ጣውላ ግን በአንድ ጎኑ ወደ መሬት ገብቶ ክሪኩ እንደ ሰካራም አዘንብሏል፤ የመኪናው የግራ በር ከእኛ ጋር የሚነጋገር ይመስል ወደ ውጭ ተከፍቷል። ማንም ከስር አልነበረም። ያዳነን የምሳ ሰዓት እንጂ ጥንቃቄያችን አልነበረም።

የጠርሙስ ክሪክ ታቹ የመዳፍ ስፋት አለው። የመኪናውን አንድ ጎን ክብደት በአንድ መዳፍ ስፋት አፈር ላይ መጫን ማለት ምስማር መትከል ማለት ነው። ክብደቱን ማስፋት አለባችሁ። አቅም ካለ ሦስት በአራት ሜትር የሚሆን፣ ውፍረቱ ከአሥር ሴንቲ የማያንስ ኮንክሪት አፍስሱ። አቅም ከሌለ መኪናው ሁልጊዜ የሚቆምበትን አንድ ቦታ ምረጡና የመደገፊያ እግሮቹ የሚያርፉበትን አራት ቦታ ብቻ አጠንክሩ፤ ዋልካውን ሁለት ክንድ ያህል ቆፍራችሁ አውጡ፣ ድንጋይ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሙሉ፣ ከላዩ ጠጠር ደልድሉ፣ በላዩ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ ንጣፍ አፍስሱ። ለሲሚንቶ ገንዘብ የለም ቢባል እንኳ ከክሪኩና ከመደገፊያው ስር ወፍራም ብረት በወፍራም ጣውላ ላይ አድርጉ፤ ቀጭን ላሜራ ይታጠፋል እንጂ ክብደት አያሰፋም።

ከዚያ ፈትኑት። መኪናውን አንስታችሁ በመደገፊያ ላይ አሳርፉ፣ ከበሩ ስር ካለው ጠርዝ እስከ መሬት በሜትር ለኩ፣ ቁጥሩን በጠመኔ በሩ ላይ ጻፉ። ሻይ ጠጡ። ተመልሳችሁ ለኩ። ግማሽ ሴንቲም ቢሆን ከወረደ ማንም ከስር አይገባም።

የሚደግፈውና የሚያነሳው

ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለመያዝ አይደለም። ዘይት ክሪክ ውስጥ ያለው ትንሽ ጎማ በዕድሜ ይደክማል፤ በቆላው ሙቀት ደግሞ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ቀጥኖ ባረጀው ጎማ በኩል ቀስ እያለ ይሾልካል። ጠዋት ቀጥ ብሎ የቆመ ክሪክ ቀትር ላይ ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ይገኛል፣ ማንም ሳይነካው። ስለዚህ መኪናው ካቫሌቶ በሚሉት የብረት መደገፊያ እግር ላይ ያርፋል፣ አራት እግር፣ ሁለቱ ከፊት ሁለቱ ከኋላ። በየጋራዡ የሚሠራው በአንግል ብረት የተበየደ እግር ጥሩ ነው፤ ብየዳውን ግን ተመልከቱ። እግሩን በመዶሻ ምቱት፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይስጥ። የተሰነጠቀ ብየዳ እንደ ተሰነጠቀ ጀበና ድምፁ የታፈነ ነው።

ብሎኬት ከመኪና ስር አይገባም። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው፤ ግድግዳ ሆኖ ክብደት ሲያርፍበት ይችላል፣ ክብደቱ በአንድ ነጥብ ከመጣ ግን ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። እንጨት ቢያንስ ይጮኻል።

ለተጨማሪ ዋስትና የወለቀውን ጎማ ከነቸርኬው ከሻንሲው ስር አጋድሙ። ወጪ የለውም፤ እግሩ ከከዳ መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል፣ ሰው ላይ አያርፍም።

ሞተሩን ከመሬት የሚያንቀሳቅሰው ነገር ሌላ ጉዳይ ነው። ከተማ ውስጥ ባለ አራት ጎማ የብረት ጋሪ ይሠራሉ። በዋልካና በጠጠር ላይ ትናንሽ ጎማዎች አይሄዱም፤ ይቀበራሉ። ከአሮጌ የጭነት መኪና ኮፋኖ የተቆረጠ ወፍራም ላሜራ ጫፉን ወደ ላይ ቆልምማችሁ እንደ ሸርተቴ ጎትቱ። ሞተሩ ደግሞ በላዩ በአሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጥ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኮፓው፣ ማለት የሞተሩ የዘይት ገበታ፣ በብዙ ሞተር ላይ ቀጭን ላሜራ ነው። የሞተሩ ሙሉ ክብደት በኮፓው ላይ ካረፈ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል፣ ዘይት የሚስበውን ወንፊት ይዘጋል። ሞተሩ ገብቶ ይነሳል፣ ደንበኛው ከፍሎ ይሄዳል፣ ከሳምንት በኋላ ሞተሩ መንገድ ላይ ይነክሳል። ሰውም «ጎንደር ያስገባሁት ዕቃ አጭበርባሪ ነው» ይላል። አጭበርባሪው ስርጉዱ ነው። ጎማው ኮፓውን በቀዳዳው ውስጥ አንጠልጥሎ ክብደቱን ጠርዙ ላይ ይቀበላል፤ ለዚህ ሥራ ከገበያ የሚገዛ ዕቃ የሚበልጠው አላየሁም።

ሥራውን በጊዜ ጀምሩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ድረስ የሚሠራው ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ከሚሠራው ይበልጣል። ፀሐይ የመታው ቁልፍ መዳፍ ያቃጥላል፣ ሰውም በሙቀት ሲናደድ ቡሎን ይበጥሳል። ከወራቱ ደግሞ የሰሊጥ አጨዳ ሳይደርስ። በጥቅምት መኪናውን ሦስት ቀን ላቁምልህ የሚለውን መካኒክ የሚሰማ ባለንብረት የለም፤ ያኔ የሚመጣባችሁ «ዛሬ ማታ ይድረስ» ነው፣ «ዛሬ ማታ» ደግሞ ከስር የሚሠራ ሥራ ጠላት ነው።

ባጃጁ

ብዙ ጊዜ የሚታየው ባጃጁን በጎኑ አጋድሞ መሥራት ነው። ለፍሬን ወይም ለፊሎ ያስኬዳል። ለሞተር ከሆነ ግን ጣጣው ይበዛል፤ ዘይቱ ወደ አየር ማጣሪያው ይሄዳል፣ ከባትሪው አሲድ ይፈስሳል፣ ቤንዚን በክዳኑ ያንጠባጥባል። ሳታጋድሙ አውርዱት።

ባትሪውን ንቀሉ፤ መጀመሪያ ኔጋቲቩን። የነዳጁን መዝጊያ ዝጉና ጎማውን ነቅላችሁ ጫፉን በቡሎን ድፈኑ። ሞተሩ ሞቅ እያለ ዘይቱን ቅዱ፤ ማርሚታው ግን እስኪበርድ ጠብቁ፣ ከዚያ አውርዱት። ከዚያ ፊሎዎቹ ይመጣሉ፤ የጋዝ፣ የፍሪሲዮን፣ የማርሽና የሪቨርስ። የፊሎ ሥራ ሲፈታ ቀላል ነው፣ ሲገጠም ያስለቅሳል። ከሰሊጥ ጆንያ ሲባጎ ምዘዙና በእያንዳንዱ ፊሎ ጫፍና በሞተሩ ላይ በሚገባበት ቦታ እኩል ቋጠሮ እሰሩ፤ ጋዙ አንድ ቋጠሮ፣ ፍሪሲዮኑ ሁለት፣ እያለ ይቀጥላል። የቀለም ምልክት በግራሶ ይጠፋል፣ ቋጠሮ አይጠፋም። የሞተሪኖውንና የማኛቶውን ሽቦ በሶኬታቸው ንቀሉ፤ ሽቦውን አትጎትቱ።

ቀጥሎ ከሞተሩ ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ዘንጎች ናቸው። ከሞተሩ በኩል ላቅቁና ግራና ቀኝ እንዳይምታቱ ለያይታችሁ አስቀምጡ። በጎማ ቆብ የተሸፈነውን ክፍል በፌስታል ጠቅልሉ፤ የቆላው አቧራ ግራሶ ካገኘ ሞረድ ይሆናል።

አሁን ሞተሩን የያዙት ቡሎኖች ብቻ ቀርተዋል። አሮጌ ጎማ ከሞተሩ ስር አስገቡ፣ በባለ ጎማ ክሪክ ወይም በጣውላ ወደ ላይ ግፉት፣ ክብደቱን ከቡሎኖቹ እስኪቀበል። ትክክለኛው ልክ የሚታወቀው በቡሎኑ ነው፤ ዳዶው ከወለቀ በኋላ ቡሎኑ በጣት ከተሳበ ልኩ ደርሷል፣ በመዶሻ ካስፈለገ ወይ ብዙ ገፍታችኋል ወይ አንሷል። ቡሎኖቹ ሲወጡ ሞተሩን ጎማው ላይ አሳርፉት።

መጀመሪያ ላይ ያልኩት ነገር የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ሞተሩን አትጎትቱት፤ ባጃጁን አንሱት። ሁለት ሰው በኋላ መከላከያው ይዞ ያነሳል፣ ሦስተኛው መሪውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ባጃጁ በፊት ጎማው እየተንከባለለ እንደ ገልባጭ ጋሪ ወደፊት ይሄዳል፣ ሞተሩ ባለበት ይቀራል። ሙሉ ባጃጅ ክብደቱ ከ300 ኪሎ ብዙ አይርቅም፣ ከፊሉን የፊት ጎማው ይሸከማል፣ ሞተሩ ደግሞ ወጥቶለታል። ከዚያ የኋላውን በመደገፊያ እግር ላይ አሳርፉ። ልጆች ከአካባቢው ይራቁ። ይህን ትዕይንት ለማየት ግማሽ ሰፈር ይሰበሰባል፤ ማን አንሱ ብሎ እንደሚያዝ ቀድማችሁ ተስማሙ፤ አንድ ሰው ብቻ ይዘዝ።

ሚኒባሱ

እዚህ ሥራው ይከብዳል። የናፍጣው ሞተር ከነካምቢዮው ሲወርድ ሩብ ቶን ያህል ነው። ሊፍት ያለው ጋራዥ መኪናውን ሰቅሎ ሞተሩን በጋሪ ተቀብሎ ያወጣል። ሊፍት የሌለው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው መኪናውን ከፍ አድርጎ መደገፍ ነው። ምን ያህል ከፍ? ከኮፓው ታች እስከ ሞተሩ ጫፍ ለኩ፣ የሸርተቴውንና የጎማውን ውፍረት ደምሩ፣ አራት ጣት ጨምሩ፤ ሞተሩ በሚወጣበት በኩል ያለው የመኪናው ጠርዝ ከዚህ በላይ መሆን አለበት። ሞተሩ ከነጫፉ 70 ሴንቲ፣ ሸርተቴውና ጎማው 20 ሴንቲ ቢሆን ጠርዙ ወደ አንድ ሜትር መቅረብ አለበት ማለት ነው። ሚኒባስን አንድ ሜትር ከፍ አድርጎ ዋልካ ላይ ማቆም እኔ አልመክርም።

ሁለተኛው ጉድጓድ ነው፤ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ ይቀራል፣ ሞተሩ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፣ መኪናው ተገፍቶ ይሄዳል፣ ከዚያ ሞተሩ ከጉድጓዱ ይወጣል። ከፍታ የለም፣ የሚንጠለጠል መኪና የለም።

ጉድጓዱ ወደ 90 ሴንቲ ስፋት፣ ሦስት ሜትር ርዝመት፣ ጥልቀቱም ጎንበስ ብሎ የቆመ ሰው የሚሠራበት ያህል ይሁን፤ መጀመሪያ ግን የራሳችሁን መኪና ጎማ ከጎማ ለኩ፣ በየጎኑ ጎማው ከጉድጓዱ ጠርዝ የሚርቀው ከአንድ ስንዝር ማነስ የለበትም። ግድግዳው በድንጋይና በሲሚንቶ ይታነጽ። ዋልካ ሲደርቅ ከጎን ይላቀቃል፣ ጎማ ደግሞ ጠርዙ ላይ ነው ያለው። ዙሪያውን እንደ ደፍ ከፍ አድርጉ፤ አለበለዚያ በሐምሌ አንድ ሌሊት ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል። ስለ ቤንዚን አንድ ነገር፤ ትነቱ ከአየር ይከብዳል፣ ወርዶ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ አይታይም። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ነዳጁ ጉድጓዱ ላይ አይቀዳ፣ ሲጋራ አይለኮስ፣ መብራቱም የባትሪ መብራት ይሁን እንጂ ሽቦ የሚጎትት አምፖል አይሁን።

የሚያነሳው ነገር ቀላል ነው። የጋቢናውን ወንበሮችና የሞተሩን ክዳን አውጡ። ባለ ሦስት ኢንች ወፍራም የብረት ቱቦ በግራ በር አስገብታችሁ በቀኝ በር አውጡ፣ ሁለቱን ጫፎች ከውጭ በጠንካራ የብረት እግሮች ላይ አሳርፉ። በሰንሰለት የሚጎተተው ማንሻ ከቱቦው መሀል፣ ልክ ከሞተሩ በላይ ይንጠልጠል። ቱቦው የመኪናውን አካል አይንካ፤ ክብደቱ ሁሉ ወደ መሬት ይሂድ።

ከመፍታታችሁ በፊት ከፊትና ከኋላ ጎማዎች ስር ድንጋይ ወይም ሽብልቅ አድርጉ። ብዙ ሰው ማርሽ አስገብቶ ይተማመናል፤ ትራስሚሲዮኑ፣ ማለት ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው ዘንግ፣ ሲፈታ ማርሹ ጎማውን መያዝ ያቆማል። የእጅ ፍሬኑ ደግሞ የደከመ ሊሆን ይችላል።

አሁን ፍቱ። ባትሪ። ውሃውን በቀዝቃዛነቱ ቅዱ፣ ራዲያተሩ በዚህ አገር ጠዋት ብቻ ነው የሚቀዘቅዘው። የናፍጣ ቱቦዎችን ነቅላችሁ ጫፋቸውን ድፈኑ። የመሪ ፓምፕና የኤሲ ኮምፕረሰር ያለው ከሆነ ቱቧቸውን አትፍቱ፤ ራሳቸውን ከሞተሩ ላይ ፈትታችሁ ከነቱቧቸው ወደ ጎን በሽቦ እሰሩ። ከካምቢዮው ጎን ያለውን የፍሪሲዮን ፓምፕም እንዲሁ፤ ዘይቱን ካልከፈታችሁ አየር ማውጣት አይጠብቃችሁም። ከሞተሪኖው ጀምሮ ሽቦዎችን አንድ በአንድ። ከማርሚታው ጋር የሚገናኘውን ቱቦ ፍቱ፤ ዳዶዎቹ በዝገት ስለሚጣበቁ ከዋዜማው ማታ ዘይት ጠብ አድርጉባቸው። ትራስሚሲዮኑን ከመፍታታችሁ በፊት ሁለቱ ጆሮዎች በሚገጣጠሙበት ላይ በመብሻ ምልክት ምቱ፤ በሌላ አቅጣጫ ከገባ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ይርገበገባል። ትራስሚሲዮኑ ከካምቢዮው ሲሳብ ዘይት ይከተለዋል፣ ፌስታል አዘጋጁ። የማርሹን ማንሻ ዘንግ ወይም ፊሎ በቋጠሮ ምልክት አድርጉ። መሪውን የሚያገናኘው ዘንግ መንገድ ከዘጋ ምልክት አድርጋችሁ ፍቱት።

ቡሎኖቹ? የተቆረጠ ሃይላንድ። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ሃይላንድ፣ በውጭው ላይ ስም። ሁሉንም በአንድ ቆርቆሮ የሚጥል መካኒክ ሲገጥም ከሚሠራው የሚፈልገው ይበልጣል።

ሰንሰለቱን በሁለት ቦታ እሰሩ፤ አንዱ ከሞተሩ ፊት፣ ሌላው ከኋላ። ከኋላ በኩል ያለው ይርዘም፤ ካምቢዮው ጭራውን ዝቅ አድርጎ መውረድ አለበትና። ሰንሰለቱ የሚያዝበት ቡሎን ቢያንስ የራሱን ውፍረት ያህል ጥርስ መያዝ አለበት። የናይሎን ገመድ አይሆንም፤ በዘይትና በሹል ጠርዝ ይቆረጣል። ማንሻውን ሳቡ፣ ሰንሰለቱ እስኪወጠር ብቻ። ከዚያ የካምቢዮውን መያዣ፣ ቀጥሎ የሞተሩን ሱፖርቶች ፍቱ።

አምስት ሴንቲ አውርዱ። ቁሙ። ዙሩት። በዚህች አምስት ሴንቲ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይዞ ይገኛል፣ ከአሥር ጊዜ ዘጠኝ ጊዜ ከሞተሩ ወደ ሻንሲ የሚሄደው አጭሩ የመሬት ሽቦ ነው። ሽቦው በጥቀርሻ ተሸፍኖ ስለማይታይ ይረሳል፤ ሞተሩ ሲወርድ ይበጠሳል ወይም ሞተሩን ያጋድላል። ከዚያ ሌላ አምስት ሴንቲ። ማንሻውን የሚጎትተው ሰው ከጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ሰው «እሺ» ሳይሰማ ሰንሰለት አይስብ። ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሰው ከሞተሩ ጎን እንጂ ከስሩ አይቁም፤ መውጫ ደረጃውም ከኋላው ክፍት ይሁን። ሞተሩ ጎማው ላይ ሲያርፍ ሰንሰለቱ ይፈታ፣ ሰውየው ይውጣ፣ ቱቦው ከበሮቹ ይነሳ፣ ድንጋዮቹ ይነሱ፣ መኪናው በሁለት ሰው ተገፍቶ ወደኋላ ይሂድ። ያው ቱቦና ያው እግሮች ከጉድጓዱ በላይ ይተከላሉ፤ ሞተሩ ወደ ብርሃን ይወጣል።

ከወጣ በኋላ

ሞተሩን ማውጣት ሁለት ቀን ከፈጀ፣ የምታዩትን ሁሉ ከማየታችሁ በፊት መልሳችሁ አታስገቡት። ቮላኖው በኩል ያለውን ፓራዮሊ ተመልከቱ፤ ዘይት ከለበሰ ለውጡት። የፍሪሲዮኑን ዲስክና ኩሽኔታ፣ የሞተሩን ሱፖርት ጎማዎች እንዲሁ። ባለንብረቱ «ገና ነው፣ ይሠራል» ቢል የእጅ ዋጋውን ዳግመኛ መክፈል እንዳለበት ቀድማችሁ ንገሩት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ አሮጌ ሞተር ማደስ ለብዙ ጋራዥ ዋና እንጀራ ሆኗል፤ ሥራው አያልቅባችሁም፣ ስለዚህ ለስማችሁ ስትሉ አንዴ በደንብ ሥሩ።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ የሚቀየር ከሆነ መጀመሪያ ቁልፍ አትያዙ፣ ሊብሬውን ያዙ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ። የሚገባው ሞተር ቁጥር ከሊብሬው ካልገጠመ መኪናው በመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የሞተር ለውጥ ሳይመዘገብለት ኬላ ላይ ይቆማል። በተለይ በመተማ ድንበር ላይ ያለ ዲክላራሲዮን የተገዛ ርካሽ ሞተር መጨረሻው ውድ ነው። ሞተሩ ከወጣ በኋላ ቁጥሩ የተቀረጸበትን ቦታ በናፍጣ እጠቡ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ከገባ በኋላ ቁጥሩን ለማየት መስታወትና ጸሎት ያስፈልጋል።

መመለስ

ሥራው ወደኋላ ነው፣ አንድ ቦታ ግን ልዩ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበት። የፍሪሲዮኑ ዲስክ መሀል ላይ ካልሆነ የካምቢዮው ዘንግ አይገባም። ለዚህ የሚሸጥ መሣሪያ አለ፤ የሌለው ከአሮጌ ካምቢዮ የወጣ ዘንግ ይጠቀም፣ እሱም ከሌለ ከወይራ እንጨት ጥረቡ፣ ልኩ እስኪደርስ ኔስትሮ ጠቅልሉበት። ሞተሩና ካምቢዮው ሲጋጠሙ የመጨረሻዋ አንድ ሴንቲ ካልገባች ቡሎን አጥብቃችሁ አትሳቡት። ይህ በቆላም በደጋም ያየሁት ትልቁ ጥፋት ነው። ቡሎኑ ይስባል፣ አዎ፤ ዲስኩን ሰብሮ ወይም የካምቢዮውን ጆሮ ሰንጥቆ ይስባል። ቮላኖውን ትንሽ አዙሩ፣ ማርሽ አስገቡ፣ አወዛውዙት፤ ልኩን ሲያገኝ በእጅ ግፊት «ጠብ» ብሎ ይገጥማል።

ሱፖርቶቹ ሁሉ ቡሎናቸው በእጅ ከገባ በኋላ ነው የሚጠብቁት፤ አንዱን ቀድሞ ማጥበቅ ሌላውን ቀዳዳ ያጣምማል። ዘይት፣ ውሃ። የናፍጣ ሞተር ከሆነ በእጅ ፓምፑ ናፍጣው አረፋ ሳይኖረው እስኪመጣ አየሩን አውጡ። የመሬት ሽቦዋን ረስታችሁ እንደሆነ ሞተሪኖው «ጭር» ብሎ ይነግራችኋል። ሲነሳ ድምፁን ሳይሆን የዘይቱን መብራት እዩ፤ ካልጠፋ ወዲያው አጥፉ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ፣ ሞተሩ ሲበርድ፣ የሱፖርቶቹን ቡሎኖች ደግማችሁ እዩ። አንድ ሮንዴላ ሃይላንድ ውስጥ ቀርታ ካገኛችሁም አትጣሏት፤ ከየት እንደመጣች ሳታውቁ መኪናውን አትስጡ።

ስትጨርሱ ጉድጓዱን በሳንቃ ሸፍኑ፣ ሳንቃው እንዳይነሳ ድንጋይ ጫኑበት። የሳንጃ ፍየል ማታ ጋራዥ መግባት ትወዳለች።